37 አማልክትና አንዲት የመሻገሪያ እመቤት

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄና መልስ የሚደረደርበትን ገጽ፣ የከፈተው ሰው ዲኤም ነው፤ እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ባለ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ በሚጫወትበት ጨዋታ፣ ታሪኩን የሚመራው። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱን ሆምብሩ ዓለም፣ ማለትም ከተዘጋጀ መጽሐፍ ያልወሰደውን፣ ራሱ የፈጠረውን ዓለም፣ ሲሠራ ከርሟል። ካርታው አልቋል። ነገሥታቱ ተሰልፈዋል። አማልክቱ ደግሞ 37 ደርሰዋል። ለሁሉም የትውልድ ሐረግ አላቸው፤ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን የማንን ሚስት እንደቀማ፣ የማን በዓል በየትኛው ወር እንደሚውል። ጨዋታው 11 ሴሽን ሄዷል፤ 11 ጊዜ ተቀምጠው ተጫውተዋል። ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። ከአራቱ የሦስት አማልክት ስም አከታትሎ የሚጠራ አንድም የለም። ክሌሪክ፣ ማለትም የአንድ አምላክ ካህን፣ ሆኖ የሚጫወተው ልጅ እንኳ የራሱን አምላክ ያ የብርሃኑ ሰውዬ እያለ ነው የሚጠራው። ሌላው ተጫዋች ደግሞ ግማሽ አምላክ ልሁን ብሎ ተፈቅዶለታል፤ ግን ግማሽነቱ ከጥሩ ጡንቻ ያለፈ ነገር አልሰጠውም።

ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ። 37 በዛ ወይ? ሙሉ አምላክና ግማሽ አምላክ በምን ይለያሉ? ለአማልክቱ ሂት ፖይንት፣ ማለትም እስኪሞቱ ስንት ጉዳት እንደሚችሉ የሚለካ ቁጥር፣ ይሰጣቸው ወይስ ይቅር?

መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ አንድ ቅሬታ ጣል አድርጓል። ተጫዋቾቹ ደጋግመው የሚያነሷት አንዲት የወንዝ መሻገሪያ እመቤት አለች። ከ37ቱ ውስጥ የለችም። በ4ኛው ሴሽን ተጫዋቾቹ ሳይታሰብ ወንዝ ለመሻገር ተነሱ። ዲኤሙ ምንም አላዘጋጀም። የሚለው ሲያጣ፣ ጀልባ ቀዛፊው ከመነሳቱ በፊት ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ ለእመቤቲቱ ውሃ ውስጥ ጣለ፣ እናንተም ጣሉ አለ ብሎ አለፈ። በቃ። ያቺ ሳትጻፍ የመጣች እመቤት ሁለት ዓመት የተለፋባቸውን 37ቱን በላቻቸው። ሰውየውን ይኼ እንዳናደደው ያስታውቃል።

ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። መሃል ላይ እኔም ገብቻለሁ። እንደ ሄደው ልተርከው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። ልፋቱን አድንቆ፣ ቁጥሩን ወደ 9 እንዲያወርደው ይመክራል። ግሪኮች የአማልክት ብዛት ሳይቸግራቸው የኦሊምፐሱን ዙፋን በ12 የወሰኑት በምክንያት ነው ባይ ነው። 2ኛው ተስማምቶ፣ 9 ራሱ በዛ፣ 5 ይበቃል ብሎ ሄደ። ወደ ታች የሚሄድ ጨረታ አይቼ አላውቅም ነበር።

3ኛው ጨረታውን አፈረሰው። እሱ 37 ጥቂት ነው ባይ ነው። ሮማውያን ለአንድ በር ብቻ ሦስት አማልክት ነበሯቸው። ፎርኩሉስ ለመዝጊያው፣ ካርዲያ ለማጠፊያው፣ ሊሜንቲኑስ ለደፉ። ይህን የነገረን የክርስቲያኑ ጳጳስ አውግስጢኖስ ነው፤ የጻፈው ደግሞ ሊያላግጥባቸው ነው። ሰው ለቤቱ አንድ በረኛ ያቆማል፣ በረኛው ሰው ሆኖ ሳለ ብቻውን ይበቃል፣ እነዚህ ግን ሦስት አማልክት አቆሙ ብሎ። መላሹ ፌዙን ገልብጦ ለራሱ ጉዳይ አዋለው። በሩን የሚከፍት ሰው የአማልክቱን ዝርዝር አያጠናም፤ የሚያስበው ማጠፊያው ሲላቀቅ ስለ ማጠፊያው ነው። ስለዚህ 37ም ሆነ 370፣ ተጫዋቹ ፊት በአንድ ጊዜ የሚቆመው አንድ በር ነው። ችግሩ ቁጥሩ ላይ እንዳልሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረ ይኼ ሰው ነው።

4ኛው አንድ መስመር ብቻ ጽፏል። የትውልድ ሐረጉን ማን ጠየቀህ የሚል። ጨዋነት ይጎድለዋል፤ እውነት ግን አልጎደለውም።

ክሩ የተገለበጠው በ5ኛው ነው። የጻፈችው ሴት ብዙ ዓመት ጨዋታ የመራች ናት፤ ከአጻጻፏ ይታወቃል፣ አትቸኩልም። እስካሁን የመለሱት ሁሉ ስለ 37ቱ ሲከራከሩ መልሱ ቅሬታው ውስጥ ተቀምጦ ነበር አለች። ከዚያ ዲኤሙን አንድ ነገር ጠየቀችው። በ4ኛው ሴሽን እያንዳንዱ ተጫዋች ውሃው ውስጥ ምን ጣለ?

ዲኤሙ በ6ኛው መለሰ። ማስታወሻውን ሳያይ። አንዱ የመዳብ ሳንቲም ጣለ። ግማሽ አምላኩ ጫፉ የተሰበረ ቢላ ጣለ። ሌባዋ የዚያኑ ዕለት ጠዋት የሰረቀችውን ቀለበት ጣለች፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ። ክሌሪኩ ኪሱ ባዶ ስለነበር የካባውን ቁልፍ በጥሶ ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ ብርድ በመጣ ቁጥር ካባው እንደማይገጥም ይነገረዋል። ይህን ሁሉ ከጻፈ በኋላ የብርሃኑ አምላክ በዓል መቼ እንደሆነ ግን ማስታወሻውን ማየት እንዳለበት አመነ። እዚህ ጋ ሰውየው ራሱ ላይ የሳቀ ይመስለኛል።

5ኛዋ ተመልሳ ደንቧን ዘረጋች። የ7ኛው መልስ መሆኑ ነው። ለአንድ አምላክ ከሁሉ በፊት ሦስት መስመር ይጻፍለት። ከሰው ምን ይወስዳል? ምን ይከለክላል? ያልከፈለው ሰው ምን ያገኘዋል? ልደቱ፣ ዘመዱ፣ ቤተ መንግሥቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ባይመጣም ግድ የለም። የመሻገሪያዋ እመቤት የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ይዛ ነው የተወለደችው፣ እሱ ብቻውን ይህን ያህል ዘመን አኖራት።

8ኛው ለዚህ ምስክር አመጣ። የስካንዲኔቪያውን ቲር። አማልክቱ ፌንሪር የሚባለውን ተኩላ በማታለል ሊያስሩት ፈለጉ። ተኩላው ጠረጠረ። ተንኮል ከሌለበት ከመካከላችሁ አንዱ እጁን አፌ ውስጥ ያስገባ አለ። ተንኮል እንዳለበት ሁሉም ያውቃሉ። እጁን ያስገባው ቲር ብቻ ነው። ተኩላው ታሰረ፣ የቲርም እጅ ተቆረጠ። መላሹ የሚለው፣ ይህን የሰማ ሰው ቲር ፊት ቆሞ በሐሰት ለመማል ሁለቴ ያስባል። አባቱ ማን እንደሆነ ግን የቆዩት ጽሑፎች ራሳቸው አልተስማሙም፤ አንዱ ኦዲን ይላል፣ ሌላው ሂሚር የሚባል ግዙፍ ፍጡር። አባቱ ቢጠፋ ቲር አልጎደለም። እጁ ባይቆረጥ ኖሮ ግን ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ከዚህ በኋላ የሂት ፖይንት ነገር ተነሳ። ክሩም ሞቀ።

9ኛው ታሪክ አዋቂ ነው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ወጣ። በ1976 አማልክትንና ጀግኖችን የያዘ ተጨማሪ መጽሐፍ ተከተለ። አማልክቱ እንደ አውሬዎቹ ሁሉ ሂት ፖይንትና የመከላከያ ቁጥር ተጽፎላቸዋል። የመግቢያው ጸሐፊ ዓላማውን አልደበቀም። በየቤቱ ተጫዋቾቻቸውን 40ኛ ሌቭል (የጥንካሬ ደረጃ) እና ከዚያ በላይ የሚያደርሱ ለጋስ ዲኤሞችን ማሳፈር ነበር የፈለገው፤ የአማልክት አባት ኦዲን ራሱ 300 ሂት ፖይንት ብቻ ካለው 44ኛ ሌቭል የደረሰን ሰው ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል የሚል። 9ኛው እንደሚለው ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ከስሙ አጠገብ ቁጥር የተጻፈለት ነገር ሁሉ ሊገደል የሚችል ነገር ነው። 300ን ያነበበ ተጫዋች አላፈረም፤ ስንት ቀስት እንደሚያስፈልገው አሰላ እንጂ።

10ኛው በዚህ ተቆጣ። ቁጥር የሌለው አምላክ ማለት ዲኤሙ በፈለገው ሰዓት ተጫዋቹን የሚጠፍርበት ገመድ ነው አለ። ደንብ ካለ ለሁሉም ይሁን። የማይነካ ነገር ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጥክ እየተጫወትክ ሳይሆን ተረት እያነበብክላቸው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አነጋገሩ ሻካራ ይሁን እንጂ ነጥብ አለው። እንዲህ ዓይነት ዲኤም ስር ተጫውቼ አውቃለሁ። የምናደርገው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኗል፣ አማልክቱም የሱን ሐሳብ የሚያስፈጽሙ ፖሊሶች ነበሩ።

11ኛው የመለሰለት ግን ነጥቡን ትቶ ሰውየውን ነው። አምላክን እንደ ሥጋ በኪሎ የሚመዝን ሒሳብ ሹም አለው። 10ኛው ምን እንዳለው እዚህ አልደግመውም።

ሁለቱን ያስታገሠው ባለ 12ኛው ነው፤ በምክር ሳይሆን በገጠመኝ። የሱ ተጫዋቾች የፀሐይን አምላክ ገድለዋል። በደንቡ መሠረት፣ አራት ሰዓት ሙሉ ተዋግተው፣ ባለ 20 ገጽ ዳይሱ እንደ ጉድ ቀንቷቸው። ጠረጴዛው ላይ እልልታ ሆነ። በሚቀጥለው ሴሽን ሁሉም ተሰብስበው ተቀመጡና አንዷ ተጫዋች ጠየቀች። ነገ ፀሐይ ትወጣለች? ዲኤሙ አላሰበበትም ነበር። ደነገጠና ትወጣለች አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ዓለም ስለ አማልክት የጠየቀ ተጫዋች የለም። አምላኩ ሞቶ ፀሐይ በነጻ ከወጣች፣ ቀድሞስ ምን ሊሠራ ነበር? ሰውየው እስከ ዛሬ የሚቆጨው መገደሉ አይደለም። ያን ዕለት ማታ አንድ ሰው ፀሐይዋን ተሸክሞ ማውጣት አለበት፣ ማን ይሸከም ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ ይላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። ስንት ጊዜ ፀሐይን በነጻ አውጥቻለሁ?

13ኛው መልስ ከሌሎቹ የተለየ ነው። ጸሐፊው በጨዋታ እንኳ ቢሆን አማልክት መፍጠር፣ ከዚያም ለእነሱ መጸለይ እንደሚከብደው በትሕትና ገለጸ። ጨዋታውን ይወዳል፤ ቃሉ ነው የሚጎረብጠው። ኃያላን ወይም መናፍስት ቢባሉስ? 14ኛው ተሳለቀበት። አያስፈልግም ነበር። 5ኛዋ በ15ኛው መልስ ገብታ፣ እሷ ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ተጫዋች እንዳለና ሁልጊዜ ከመጀመሯ በፊት እንደምትጠይቅ ተናገረች። ስሙ ኃያላን ሲሆን ከሦስቱ መስመሮች አንዱም አይለወጥም። 13ኛውም አመስግኖ ዝም አለ። ግን አልሄደም፤ በኋላ ይመለሳል።

ቃል ከተነሳ ዘንድ ብሎ 16ኛው የትርጉም ጥያቄ አመጣ። ዴሚጎድን በአማርኛ ምን እንበለው? ግማሽ አምላክ? ከፊለ አምላክ? ንዑስ አምላክ? እሱ ንዑስን መረጠ፤ ግማሽ የሚለው ዳቦ የተቆረሰ ያስመስላል ብሎ። 17ኛው ግማሽ ማለት ስሕተት የሚሆነው በሌላ ምክንያት ነው አለ። የጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ንጉሥ ጊልጋመሽ፣ በተረኩ መሠረት፣ ሁለት ሦስተኛው አምላክ፣ አንድ ሦስተኛው ሰው ነበር።

እዚህ ላይ ሒሳበኞቹ ነቁ። 18ኛው እንዴት ሆኖ ብሎ ጠየቀ። ልጅ ከእናቱ ግማሽ፣ ከአባቱ ግማሽ የሚወስድ ከሆነ የአምላክና የሰው ልጅ አንድ ሁለተኛ ነው። እሱ ከአምላክ ጋር ቢወልድ ሦስት አራተኛ። የሁለቱ ዓይነት ልጆች ቢጋቡ አምስት ስምንተኛ፣ ያ ደግሞ ከሦስት አራተኛው ጋር አሥራ አንድ አሥራ ስድስተኛ። ሁለት ሦስተኛን እየዞሩ ይቀርቡታል እንጂ አይደርሱበትም፤ በሁለት ብቻ እየከፈልክ ሦስተኛ አታገኝም። 19ኛው አባትየው አንድ ሦስተኛ ቢሆንስ አለ። 20ኛው ታዲያ አባትየው ሦስተኛውን ከየት አመጣው አለው። ይኼ ነገር እስከ 23ኛው ቀጠለ፣ አንዱ እንዲያውም ሰንጠረዥ ሠራ። የከፈተውን ሰው ጥያቄ ማንም አላስታወሰውም። እኔ ግን በጣም እየተዝናናሁ ነበር።

24ኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ዘጋው። የጥንቶቹ ሰዎች ክፍልፋይ እያስተማሩ አልነበረም። ሁለት ሦስተኛ ማለት ከሰው ጋር ለመኖር የበዛ፣ ከሞት ለማምለጥ ደግሞ ያነሰ ማለት ነው። ጊልጋመሽ ከተማውን ያስጨነቀው በትርፉ ነው፤ ጓደኛው ኤንኪዱ ሲሞት ምድርን የዞረው በጎደለው። የዲኤሙ ተጫዋች ጡንቻ ብቻ የቀረው ለዚህ ነው። ትርፉን ተሰጥቶታል፣ ጉድለቱን ማንም አልሰጠውም።

25ኛው ጉድለት እንዴት እንደሚሰጥ አሳየ። የአየርላንዱ ጀግና ኩ ኹሊን ሁለት እርም ነበረበት። ስሙ ከውሻ የመጣ ስለሆነ የውሻ ሥጋ አይበላም። ሰው የጋበዘውን ማዕድ ደግሞ እምቢ አይልም። ለብቻ ለብቻ ሲታዩ ሁለቱም ቀላል ናቸው። በመጨረሻ ወደ ጦርነት ሲሄድ አሮጊቶች መንገድ ዳር እሳት አንድደው ውሻ እየጠበሱ አገኘ። ና ብላ አሉት። የትኛውን ያፍርስ? በላ፤ የበላበት እጅም ኃይሉ ከዳው። መላሹ የሚመክረው ይህን ነው። ለግማሽ አምላክ አዲስ ኃይል አትጨምርለት። አንድ ቀን የሚጋጩ ሁለት እርሞች ስጠውና ጠብቅ። ቀኑን ራሱ ተጫዋቹ ያመጣዋል።

26ኛው የኔ ነው። ብዙ የሚያኮራ ባይሆንም ልናገረው። በአማርኛ ስንጫወት በነጻ የተሰጠን መሣሪያ አለ አልኩ። ንጉሥን እርስዎ እንላለን። አምላክን ግን አንተ። ስለዚህ ግማሽ አምላክ የሆነ ጀግና በሕይወቱ ሳለ ሰዉ እርስዎ ይበለው። ከሞተ በኋላ አንዲት ሴት መቃብሩ ላይ ስለት ስትሳል ግን ልመናዋን በአንተ ትጀምር። ዲኤሙ አንድም ነገር ሳያብራራ ተጫዋቾቹ ሰውየው አምላክ እንደሆነ ይገባቸዋል።

27ኛው አረመኝ፣ ደግሞም በሚገባ። አንተ መባል ስድብም እንደሆነ ረስቻለሁ። አንዱ መንገደኛ በሕይወት ያለውን ጀግና ሰው በተሰበሰበበት አንተ ቢለው ንቀት ነው ወይስ አምልኮ? ጀግናው ራሱ እንዴት ያውቃል? ይልቅስ ትዕይንቱ እዚያ ላይ ነው አለ። ይኼን እኔ ማሰብ ነበረብኝ።

28ኛው ሰው አምላክ ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ብሎ ሁለት ጫፍ አስቀመጠ። ለፈርዖን ጆዘር ያገለገለው ኢምሆቴፕ፣ በጆዘር ስም የሚታወቀው ባለ ደረጃ ፒራሚድ ከተሠራ ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው እንደ አምላክ የተመለከው። አምላክ የተባሉት የሮማ ነገሥታት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲሞቱ ወዲያው ነው፣ በምክር ቤት ውሳኔ። ንጉሠ ነገሥቱ ቨስፓሲያን እ.ኤ.አ. በ79 ሊሞት ሲል አምላክ እየሆንኩ ነው መሰለኝ ብሎ ቀልዷል ይባላል። አምላክነት በድምፅ ብልጫ የሚሰጥበት ዓለም መጫወት ይጣፍጣል፤ ድምፅ ይገዛል፣ ይሰረቃል፣ ይሻራል።

13ኛው የተመለሰው እዚህ ነው፣ በ29ኛው። ቃሉ ስለሚጎረብጠው ነገሩን ከሌላ በኩል አይቶታል። አማልክቱ እውነት መሆናቸውን ለምን አስቀድመን እንወስናለን? በሰው እጅ የተሠራ አምላክ አይሻልም? ምሳሌው ሴራፒስ ነው። ታላቁ እስክንድር ከሞተ በኋላ ግብጽን የያዘው ቀዳማዊ በጥሊሞስ ሁለት ሕዝብ ይገዛ ነበር፣ ግብጻውያንንና ግሪኮችን። ከግብጻውያኑ አማልክት ከኦሲሪስና ከአፒስ ስምና ሥር ወስዶ፣ የግሪክ ጢምና የግሪክ ፊት ያለው አምላክ አስፋፋ። ያ ማለት ሆምብሩ ነው፤ ያውም ዲኤሙ ንጉሥ የሆነበት። ታዲያ በዲኤሙ ዓለም ውስጥ አንድ አምላክ ይኑር፣ ማን እንዳሠራው የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ያሉ። ጸሎቱ ግን ይሠራል። ለምን ይሠራል? 13ኛው መልስ አልሰጠም። ያን ያህል የተሳለቀበት 14ኛው ሰው መጥቶ ይህን እንደሚሰርቀው ተናገረ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ መስረቁ ግን የሱ ይቅርታ ይመስለኛል።

30ኛው አምላክ ስለ መስረቅ ከተነሳ ሮማውያንን የሚያህል የለም አለ። ከተማ ሲከቡ የከተማዋን አምላክ ከጠላት ወገን ወደ እኛ ና፣ የተሻለ ቤት እንሠራልሃለን ብለው የሚጠሩበት ሥርዓት ነበራቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ396 ቬይ የተባለችውን ከተማ ሲይዙ አዛዡ ካሚሉስ የከተማዋን አምላክ ዩኖን በዚህ መንገድ ጠርቶ ሮም ውስጥ መቅደስ እንደሠራላት ይተረካል። አንድ ሙሉ ካምፔይን፣ ብዙ ሴሽን የሚዘልቅ ታሪክ፣ ከዚህ ይወጣል። ከበባ አለ፣ ድርድር አለ፣ ዋጋ አለ።

10ኛው ግን አልበረደለትም። በ31ኛው ተመልሶ፣ ይኼ ሁሉ ወሬ ነው፣ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ ምን ልጻፍ አለ። አሁንም ሻካራ። አሁንም ልክ።

መልሱን የሰጠችው ያችው 5ኛዋ ናት፣ በ32ኛው። ቁጥሩን አምላኩ ገላ ላይ አትጻፈው፣ ተጫዋቹ ዕዳ ላይ ጻፈው። ተጫዋቹ ለምኖ የተሰጠው ነገር ሁሉ አንድ ዕዳ ነው። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጭረት ያደርጋል። ጭረቱ ሦስት ሲሞላ አምላኩ ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውም ከመጀመሪያው መስመር ነው፣ የሚወስደው ነገር ተጽፏልና። ተጫዋቹ ቢከፍል ጭረቱ ይፋቃል። ባይከፍል ሦስተኛው መስመር ይመጣል። ዲኤሙ እንደፈለገ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ሁሉም ከጨዋታው በፊት ተጽፏል፣ ተጫዋቹም ያውቀዋል። አምላኩን በሰይፍ የሚነካው የለም፣ በውል ግን ይያዛል። 10ኛው ደህና ነው፣ እሞክረዋለሁ አለ። ከሱ አፍ ይኼ እንደ ሜዳልያ ነው።

ከዚያ ክሩ ሁለት ሳምንት ዝም አለ።

33ኛው የከፈተው ሰው ነው። 34ቱን አማልክት መሳቢያ ውስጥ ከቷቸዋል፤ አልጣላቸውም፣ አንጀቱ አልቻለም። ሦስቱን አስቀርቶ በሦስት መስመር ጽፏቸዋል። ለግማሽ አምላኩ ሁለት እርም ሰጥቷል፤ ምን እንደሆኑ አልነገረንም። እመቤቲቱ የራሷ ገጽ አላት። አሁን ግን የባሰ ጣጣ ውስጥ ገብቷል። ባለፈው ሴሽን ክሌሪኩ ከጠላት እየሸሸ ብቻውን ወንዙ ላይ ደረሰ። ኪሱ ባዶ ነው። ካባው ላይ የቀረ ቁልፍ የለም። አሻግሪኝ፣ ማዶ ስደርስ መጀመሪያ የሚቀበለኝን እሰጥሻለሁ ብሎ ተሳለ። ልጁ ውሻ ወይም ወፍ ይመጣል ብሎ አስቦ ነበር። ማዶ ቆሞ የጠበቀው ግማሽ አምላኩ ነው። ጓደኛውን ፍለጋ መጥቶ።

34ኛው ዮፍታሔን አስታወሰው፤ ያን የፈተና ስለትና ከቤት የወጣችውን ልጅ። 35ኛው ተጫዋቹን መጀመሪያ ከጨዋታው ውጪ አናግረው፣ ገጸ ባሕርይው የሱ ነው አለ። ይህን ሁሉም ደገፈ። 36ኛው እመቤቲቱ ስሙን ብቻ ትውሰድ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ስሙን አያስታውስ አለ። ጥሩ ነው፤ ትንሽ ለስላሳ ግን።

37ኛው ከሒሳበኞቹ አንዱ ነው። እመቤቲቱ መውሰድ የምትችለው የሰውነቱን ድርሻ ብቻ ነው አለ፤ ሌላው ድርሻ የሟች ስላልሆነ ሟች ሊሳለው አይችልም። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ግን ቀጠለ። ሄርኩለስ የተመረዘውን ልብስ ለብሶ ኦይታ ተራራ ላይ ሲቃጠል የነደደው ከእናቱ ያገኘው ሰውነት ነው፣ የቀረው ወደ አማልክቱ ሄደ። እንግዲህ ወንዙም እንደዚያ እሳት ያድርግ። ጓደኛቸውን ያጣሉ፣ አንድ አምላክ ያገኛሉ። ሦስቱ ተጫዋቾች ከዚያ ወዲያ ሊያገኙት ሲፈልጉ መጸለይ ይኖርባቸዋል፣ ጭረትም ይቆጠርባቸዋል።

እኔ ደግሞ በ38ኛው አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩ። አጠራሩ አይለወጥም። ጓደኞቹ ድሮም አንተ ነው የሚሉት።

ዲኤሙ ቅዳሜ እንደሚጫወቱ ጻፈ። እስካሁን አልተመለሰም።